የአኮርዲዮኑ ግራ ጎን

«ተሰብሯል» አለች ልጅቷ።

የሙዚቃ መምህሩ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አያት። ደረጃ ሲወጣ ሳይቀር ስለሚቆጥር ተማሪዎቹ «ጋሽ አንድ-ሁለት» ይሉታል። «አኮርዲዮን ዝም ብሎ አይሰበርም። ምኑ ነው የተሰበረው?»

«ግራ ጎኑ።»

«እንግዲያው ዛሬ አስር ሰዓት ቤታችሁ መጥቼ አየዋለሁ። ያላንቺ የትምህርት ቤቱ ባንድ ከበሮና ጩኸት ብቻ ሆኖ ቀርቷል።»

ለውሸት አዲስ ስለነበረች መጨረሻውን አላሰበችበትም። አኮርዲዮኑ አልጋ ሥር በደህና ተኝቷል። ደህና ያልሆነው የአባቷ ግራ እጅ ነው።

አባቷ አናጢ ነው። ከሦስት ወር በፊት የወርክሾፑ መጋዝ ከግራ እጁ አራት ጣቶች ወስዶ አውራ ጣቱን ብቻ ተወለት። የወርክሾፑ ባለቤት «አደጋው የደረሰው በሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት ነው» የሚል ደብዳቤ ጻፈ። በማግስቱ ከመጋዙ በላይ «ጥንቃቄ አይለይህ!» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ፤ ቀለሙ እንኳ አልደረቀም ነበር። ሊጠይቁ የመጡት ጎረቤቶችም «እንኳን ቀኙ ተረፈ» ብለው ሄዱ። አባቷ ለሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ይውላል።

ሌላው የማያውቀውን እሷ ታውቃለች።

አምስት ዓመቷ ሳለ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አኮርዲዮኑን አስታቀፋት። ክንዷ ወናፉን ለመሳብ አይደርስም፤ እሱ እየሳበላት እሷ በሁለት ጣት ቁልፎቹን ነካች። የወጣው ድምፅ የሷ ነው እንዳይባል ትንፋሹ የሱ፣ የሱ ነው እንዳይባል ጣቱ የሷ። ሳቋ አላስጨርስ አላት። እናቷም ከጓዳ ግጥሙን እያበላሸች ተቀበለቻቸው።

ካደገች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወርክሾፕ ይዟት ይሄድ ጀመር። መጋዙን ባጠፋ ቁጥር ትጫወታለች፤ እሱ ሳንቃውን በእርሳስ እየመታ ያጅባታል። ስትሳሳት አይናገርም፣ ግራ እጁን ያነሳል። ያኔ ቆም ብላ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሕጋቸው ይኸው ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ሞተሩ ጠፍቷል፣ የመጋዙ ጥርስ ግን ገና ይሽከረከራል። እሷ ቸኩላ መጫወት ጀመረች። ተሳሳተችም። ሳንቃውን የያዘው ግራ እጁ ወደ እሷ ሲነሳ በመጋዙ ጥርስ በኩል አለፈ።

ቤት ስትደርስ ለአስር ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀራል። እናቷ ከሥራ አልተመለሰችም።

«አባዬ፣ ጋሽ አንድ-ሁለትን ዋሸኋቸው።»

«ምን ብለሽ?»

«አኮርዲዮኑ ተሰብሯል ብዬ። አሁን መጥተው ሊያዩት ነው።»

«ቀላል ጥገና ነዋ» አለ። ከሦስት ወር ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር፤ ፊቱ ግን አልተከተለውም።

«ሌላም አለ።» ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «የዚያን ቀን... እኔ ስለተሳሳትኩ ነው እጅህን ያነሳኸው።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«መጋዙ ጆሮዬን አልነካውም» አለ። «ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? ለባለቤቱ? ደብዳቤው ላይ ስምሽን እንዲጨምርልኝ?»

«ተቆጥተኸኛል?»

«አንዳንድ ቀን። ጠዋት፣ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተኝ።»

ጎንበስ ብላ አኮርዲዮኑን ከአልጋ ሥር ጎተተችው። አቧራውን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገች።

«አንሺው ከፊቴ!»

አላነሳችውም። ማንገቻውን በትከሻው አጠለቀችለት። ከዚያ በግራው በኩል ተጠግታ ተቀመጠችና የወናፉን ማሰሪያ በራሷ እጅ ላይ አጠበቀች። የአየሩን ቁልፍ ተጭና ሳበች። አኮርዲዮኑ ዜማ የሌለው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ክንድሽ ረዝሟል» አለ።

ቀኝ እጁ ቀስ ብሎ ቁልፎቹ ላይ ወጣ። ዜማው ያው የቅዳሜው ነው፤ ከበሽታ እንደተነሳ ሰው እየተደገፈ ይሄዳል። ጣቱ ሲዘገይ አዘገመች፣ ሲፈጥን ሳበች። የዚያን ቅዳሜ የተሳሳተችበት ቦታ ሲደርሱ ወናፉን ያለጊዜው ሳበች። ደግማ ተሳሳተች።

ግራ እጁ ተነሳ።

አውራ ጣቱንና ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ሁለቱም አዩ። እጁን አላወረደም።

በሩ ተንኳኳ። አንድ፣ ሁለት።

«መምህርሽ ናቸው። ክፈቺላቸው።»

«ይጠብቁን» አለችና ወናፉን ከመጀመሪያው ሳበች።