የድንጋዩ አዞና የታሰረው መንጋጋ

ይህን ስተርክ ብዋሽ ምላሴ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ይገንጠል፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። በጣሊያን ጊዜ፣ በሐምሌ ጭቃ፣ ኮልፌ ውስጥ አንድ ሰው ከድንጋይ አዞ አፍ ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

አዞ ማለቴ እንዲያው ነው። መንጋጋው ብቻ ከረጅም ሰው ቁመት ይበልጣል፤ ኖኅ ለመርከቡ ረዝሞበት የተወው ይመስላል። ጣሊያኑ ፕሮፌሶሬ ከኦሞ በረሃ ቆፍሮ፣ በካሚዮን ጭኖ አምጥቶ መጋዘን ውስጥ አጋድሞታል። «የአዞ ዘመድ። ሰው ሳይፈጠር ዘሩ አለቀ። አጥንት ድንጋይ ሆነ» ይላል በተሰባበረ አማርኛው። ሟቹ ደሜ የመጋዘኑ ዘበኛ ነበር። ከነፋስ የሚከለለውም መንጋጋዎቹ መሃል ተቀምጦ ነው።

የሰፈሩ የጣሊያን ጦር አዛዥ፣ ካፒቴኖው፣ ሬሳውን አይቶ ዛተ፤ «እስኪመሽ ገዳዩ ካልወጣ ከሰፈሩ አሥር ወንድ ይሰቀላል!»

ሰፈርተኛው ሀምዱን ጠራ። ሀምዱ ከጣሊያን በፊት የከተማ ዘበኛ ሹም ነበር፤ ሌባ እሱን ሲያይ የሰረቀውን ራሱ ይመልሳል ይባልለታል።

«አውሬው ነው የበላው፣ ጋሼ ሀምዱ!» አለ የካሚዮን ጫኙ ጀላል። የደሜ ጓደኛ ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«አውሬ ሲነክስ ከላይም ከታችም ነው። ይሄ ከጀርባው አንድ ቀዳዳ ብቻ። ጦር ነው።»

ሀምዱ ጎንበስ ብሎ ከቁስሉ ቡናማ የሱፍ ክር መዘዘ። ደሜ ግን የለበሰው አቡጀዲ ሸሚዝ ነው። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ አገጩ በነጠላ ቁራጭ፣ የእግሩ አውራ ጣቶችም አንድ ላይ ታስረዋል።

«ማነው የገነዘው?»

«ማንም። እንዲሁ ነው ያገኘነው።»

ሀምዱ ክሩን ኪሱ ከተተ። ዞር ሲል ፕሮፌሶሬው በር ላይ በሸሚዙ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«ካፖርትዎ የት ሄደ?»

«ለደሜ ሰጠሁ። ትናንት። ባርኔጣም። በረደው።»

«ጀላል፣ አንተስ አይተህበታል?»

«"ቦንጆርኖ፣ ሲኞር ደሜ!" ብዬ ስቄበት የለም እንዴ!» ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ከዚያ ሀምዱ ወደ ሟቹ አባት ወደ አቶ መሸሻ ቤት ወጣ። ሽማግሌው የበኩር ልጃቸውን በየካቲቱ ጭፍጨፋ ተነጥቀዋል። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሳያለቅሱ ተቀምጠዋል።

«ደሜን መቼ አዩት?»

«ከፋሲካ ወዲህ ደጄን አልረገጠም። ወንድሙን ለገደሉት አደረ፤ አባረርኩት።»

«ልቅሶ ለምን አልተቀመጡም?»

«ሂድ ሀምዱ። ሂድ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ ሀምዱ አውጫጭኝ ጠራ። እንደ ደንቡ ሰፈርተኛው በሙሉ አንድ አጥር ውስጥ ገባ፤ እውነቱ ሳይወጣ የሚወጣ የለም።

«ስሙኝ» አለ ሀምዱ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ጦሩ የበሳው ሱፍ ነው፤ ሱፉ የፕሮፌሶሬው ካፖርት ነው። እንግዲህ የተፈለገው ደሜ አልነበረም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ።

«የጠላቱን አገጭ የሚያስር ገዳይ አይታችኋል? ቢገለብጠው የሚወደው ሰው ሆነበት። የፈረንጁን ልብስ አውልቆ፣ ገንዞት ሄደ።»

«እኔም እወደው ነበር!» ጮኸ ጀላል።

«አንተማ ካፖርቱን አይተህ ስቀህበታል፤ አትስተውም። የሳተው ካፖርቱን ያላየ ነው። ደሜን የሚወድ፣ ጣሊያንን የሚጠላ፣ ልጁን ካየ ግን የቆየ...»

ማንም ዞሮ አላየም። አቶ መሸሻ ራሳቸው ተነሡ። ነጠላቸውን ሲገልጡ ጠርዙ ተቀድዷል።

«በቃህ፣ አትጨነቅ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር፤ ባርኔጣውን አይቼ ወረወርኩ። ስገለብጠው "አባባ፣ መጡልኝ?" አለኝ።»

«አውሬው በላው እንበል!» ጀላል እግራቸው ላይ ወደቀ። «አባባ፣ በአላህ!»

«ካፒቴኖው ያምናል? አሥር አባት እኔን ይምሰል?» ጀላልን አነሡት። «ይሄ ፕሮፌሶሬ ዘሩ ያለቀ ፍጡር ፍለጋ ኦሞ ድረስ ምን አወረደው? እኔ እዚሁ ነበርኩለት።»

የአጥሩን በር ራሳቸው ከፍተው ወደ ካፒቴኖው ሄዱ። ማምሻውን የቀሩት የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ ቤታቸው ገቡ። ራቱን የበላ ግን የለም።

መሐላዬን አልረሳሁም። አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ፦ «አባባ፣ መጡልኝ?» የምትለዋን። ደሜ ቃል ሳይተነፍስ ነው የሞተው። ሽማግሌውን ከልጃቸው ሳላስታርቅ ወደ ገመድ ልሸኛቸው አንጀቴ እምቢ ቢለኝ ነው። ምላሴ ይገንጠል።