ንጹሑ ምሳ ዕቃ

ታምሲን ትንፋሿን ይዛ የዳርሲን ምሳ ዕቃ ከፈተች። እርጎው ፈስሶ ብስኩቱ ላይ ረግቷል። የታኘከ የካም ሥጋ ቁራጭ ጥግ ላይ ተለጥፏል። ከሁሉም በታች፣ ጠዋት ሙዝ የነበረ ነገር ጠቁሮ ይንሸራተታል። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ በማንኪያ እየጠረገች ወደ ዶሮዎቹ ባልዲ ገለበጠችው። ሲወድቅ ያሰማው ድምፅ ከሽታው የባሰ ነበር።

«ኧረ ዳርሲ! ይሄ ምሳ ነው ትውከት?»

«ካማረሽ ቅመሺው!» አለ ዳርሲ ከጠረጴዛው ሥር። ሌሎቹ ልጆች በሳቅ ፈነዱ።

ቤቱ ቤት መሆኑ ከቀረ አንድ የትምህርት ወቅት አልፏል። እናቷ ጆ የአትክልት ፋብሪካውን የሌሊት ፈረቃ ትታ፣ ወላጆቻቸው ማለዳ ሥራ የሚገቡ ልጆችን ከትምህርት በፊትና በኋላ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ትጠብቃለች። ጎህ ሳይቀድ የበሩ ደወል ይጮኻል። ንፍጥ የሶፋው ክንድ ላይ ይደርቃል። የእርጥብ ካልሲ ሽታ ከኮሪደሩ አይጠፋም። ከዚህ ሁሉ ግን ታምሲን አብልጣ የምትጠላው ማኘካቸውን ነው። አፋቸውን ከፍተው ሲያላምጡ ስትሰማ ሰሃኗን ይዛ ክፍሏ ትገባና በሩን ዘግታ ትበላለች።

ቢሆንም ትችለዋለች። በሌሊት ፈረቃው ዘመን፣ ባዶ ቤት ውስጥ የፍሪጁን ጉርምርምታ እያዳመጠች ብቻዋን ትተኛ ነበር። ወደዚያ መመለስ አትፈልግም። ዛሬ ደግሞ የእናቷ የሙከራ ፈቃድ ያበቃል፤ የልጆች ማቆያ ቤቶች ተቆጣጣሪዋ ፊሊፓ ወጥ ቤት ውስጥ ከጆ ጋር ተቀምጣለች። ፈቃዱ ይጸናል ወይም አይጸናም የምትለው እሷ ናት።

ከልጆቹ መካከል ታምሲንን የማያስጠይፋት አንድ ብቻ ነው፤ የሰባት ዓመቱ ኦቲስ። ምሳ ዕቃው ሁልጊዜ ያበራል። ፍርፋሪ የለው፣ ቅባት የለው። ውድድሩን ለመፍጠር ያነሣሣትም እሱ ነበር፤ ምሳ ዕቃውን ባዶና ንጹሕ አድርጎ ከትምህርት ቤት የመለሰ ልጅ ባልዲውን ለዶሮዎቹ ይወስዳል፣ እንቁላልም ይለቅማል። ለእንቁላሉ ሲሉ ሁሉም ይሻማሉ።

«የዛሬው አሸናፊ…» አለች ታምሲን።

«አቦ ሙድ አትያዢብን፤ ያው ኦቲስ ነው!» አለ ዳርሲ።

ኦቲስ አልሣቀም። ባልዲውን በሁለት እጁ አንሥቶ ፈጠን ብሎ ወጣ።

«ቆንጆ ዘዴ ነው» አለች ፊሊፓ ከወጥ ቤት። «የማን ሐሳብ ነው?»

«የልጄ» አለች ጆ። ድምፅዋ ውስጥ ታምሲን ሰምታው የማታውቀው ኩራት ነበረ።

ታምሲን ጆሮዋ ጋለ። እጇን ልትታጠብ ስትል ማንኪያው እንደሌለ አየች። ባልዲው ውስጥ ወድቋል። ሊያውም እዚያ እርጎ ውስጥ። አፍንጫዋን ጨምድዳ ወደ ጓሮ ወጣች።

ዶሮዎቹ ከቤታቸው ኋላ ተሰብስበው ይንጫጫሉ፤ የሚጭሩት ነገር ግን የለም። በመካከላቸው ኦቲስ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ ብሏል። መጀመሪያ የሰማችው ማኘኩን ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በማንኪያዋ ከባልዲው ሲዝቅ አየችው፤ እርጎውን፣ ጥቁሩን ሙዝ፣ ዳርሲ አኝኮ የተፋውን ካም።

አጥሩን እንደያዘች አስመለሳት።

«ኦቲስ! ሰው ያኘከውን? ምን ዓይነት ጸያፍ ነህ!»

ልጁ አገጩን በእጅጌው ጠረገ። ማንኪያውንም በሱሪው አብሶ ዘረጋላት።

«ለነሱም አስተርፋለሁ» አለ ወደ ዶሮዎቹ እያየ። «ሁልጊዜ አስተርፋለሁ።»

ታምሲን ማንኪያውን አልተቀበለችም።

«ምሳህስ?»

«በላሁት።»

«ምን ነበር?»

አንዷ ዶሮ ከጫማው ላይ አንድ ነገር ለቀመች።

«እማ ከሄደች ወዲህ አባዬ ይረሳዋል» አለ በመጨረሻ። «ዕቃውን ግን እይዛለሁ። ዕቃ ከያዝክ ማንም አይጠይቅህም። አንቺም ንጹሕ ሲሆን ደስ ይልሻል።»

ታምሲን አፏን ጠረገች። ያ መራራ ጣዕም አልለቅ አላት። አሁን ያስጠየፋት ካሙ አልነበረም። በየቀኑ «ጎበዝ ኦቲስ!» እያለች ባልዲውን ያስያዘችበት እጅ ነበር፤ የራሷ እጅ።

«መክሰስ ላይ ጨምሩልኝ አትልም?»

«ለሁሉም እኩል ነው ብላለች ጆ።» ከዚያ ዐይኖቹ ፈጠጡ። «ታሚ፣ እንዳትነግሪያት እሺ? ባልዲውን ትከለክለኛለች።»

«ና ግባ» አለች። «ባልዲውን ተወው።»

ወጥ ቤት ስትደርስ ፊሊፓ ካፖርቷን ለብሳ ቆማለች፣ ጆም ፈገግ ብላ ትሸኛታለች። ታምሲን እፎይ ልትል ነበር። ትሂድ፤ ፈቃዱ ይጽና፤ ከዚያ ለእናቴ ለብቻዋ እነግራታለሁ።

«ያንን የምሳ ዕቃ ውድድር» አለች ፊሊፓ ቦርሳዋን እያነገተች፣ «ነገ ስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ። ሁሉም የቤት ማቆያዎች ቢጀምሩት ጥሩ ነው።»

ሁሉም ቤቶች። በየቤቱ አንድ የሚያበራ ምሳ ዕቃ፣ በየቤቱ አንድ ባልዲ።

ታምሲን የኦቲስን ምሳ ዕቃ ከመደርደሪያው አነሣች። ክዳኑን ከፍታ በሁለቱ መካከል ያዘችው።

«አሽትቱት።»

«ታምሲን!» አለች ጆ። «ምን ሆነሻል? ሰው ፊት እኮ ነው።»

«እማ፣ ዝም ብለሽ አሽትቺው።»

ፊሊፓ ሣቅ እያለች ጎንበስ አለች። «ምንም አይሸትም። ንጹሕ ነው።»

«አዎ» አለች ታምሲን። «ምንም አይሸትም። የዳቦ እንኳ።»

ጆ ዕቃውን ተቀበለቻት። አሸተተችው። ጣቷን ወደ ጥጉ ሰድዳ አወጣችና አየችው፤ ደረቅ ነው። ቀና ስትል በሩ ላይ የቆመውን ኦቲስን አየች። እጅጌው ላይ እርጎ አለ።

«ባልዲውን…» አለች፤ አልጨረሰችውም።

ኩራቱ ከፊቷ ሲጠፋ ታምሲን አየች፤ ዐይኗንም አላሸሸችም። ፊሊፓ ካፖርቷን አወለቀች፣ ወንበር ስባ እንደገና ተቀመጠች። ስለ ፈቃዱ ማንም አላነሣም።

ጆ ዳቦ ቆረጠች፤ ወፍራም ወፍራም፣ ዓይብም ደረበችበት። ኦቲስ መጀመሪያ ወደ ልጆቹ ሰሃን አየ፣ እኩል መሆኑን ለማረጋገጥ። «ብላ የኔ ልጅ» አለችው። ከዚያ በላ። አፉን ከፍቶ፣ ድምፅ እያሰማ፣ ጉንጩ እስኪወጠር ድረስ።

ታምሲን የራሷን ሰሃን ይዛ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ቆመች። ክፍሏ እዚያ ነው፤ በሩም ይዘጋል። የማኘኩ ድምፅ ጀርባዋን ቆነጠጣት።

ተመለሰች። ከኦቲስ ጎን ያለውን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።