ለድንበሩ የተጫነው ሽቦ

ሰገነት ኢያኤልን የወደደችው በስልክ ነው። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የተባለው ጎዳና ላይ ካለች ጠባብ ቢሮ ሆና ለጭነት መኪኖች ሥራ ታከፋፍላለች፤ እሱ ከሾፌሮቹ አንዱ ነበር። ስለ መንገድ ማውራት ጀምረው ስለ ራሳቸው አወሩ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተረሳ።

ቀለበት አሰረላት። ሠርጉን ግን እህቴ ሮዳስ ሳትደርስ አልደግስም አለ። ሮዳስ ከአገር ቤት ወጥታ በሜክሲኮ ድንበር በኩል በድብቅ እየመጣች ነበር። ምስኪን ሰገነት ላላየቻት ልጅ የሚዜ ቀሚስ ገዝታ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ሰቀለች።

ፍቅር መላ አያጣም። ወደ ድንበሩ የሚሄድ ጭነት፣ እነሱ ሎድ የሚሉት፣ በመጣ ቁጥር ለኢያኤል ትሰጠው ጀመር፤ እህቱ ስትሻገር ቅርብ እንዲሆንላት። ጭነቱ ምላጭ ያለው ሽቦ ነው። ድንበሩ ያለበት ስቴት፣ የክልሉ መንግሥት፣ በወንዙ ዳር ይዘረጋዋል፤ የማዕከላዊው መንግሥት ፌዴራሎች ድንበር የእኛ ሥልጣን ነው ብለው ይቆርጡታል፤ ስቴቱ ይከሳቸውና ሌላ ሽቦ ያዛል።

«ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ እኛን ግን አበሉን» ብላ ቀለደች አንድ ቀን። እሱም ከልቡ ሳቀ።

በመጋቢት ኢያኤል ጭነቱን አራግፎ ሳይመለስ ሮዳስ ድንበር ከሆነው ወንዝ ዳር ደወለችለት። ሮጦ ደረሰ። እሷ ከሽቦው ወዲያ፣ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ፤ እሱ ወዲህ። የስቴቱን ወታደሮች ቁረጡላት ብሎ ለመነ፤ ሰው መቀበል የፌዴራል ሥራ ነው አሉት። ለፌዴራሎቹ ደወለ፤ ስቴቱ ወደ ወንዙ የሚያስገባውን በር ዘግቶብናል አሉት። በባዶ እጁ ሽቦውን ሊፈለቅቅ ሲታገል ወታደሮቹ ጎትተው አወጡት። ሮዳስን ውሃ ወሰዳት።

ወደ ቢሮው ሲመጣ መዳፎቹ በፋሻ ተጠቅልለው ነበር። ሰገነት ልታቅፈው ተነሣች፤ ወደ ኋላ አለ።

«ያንን ሎድ ሁልጊዜ ለእኔ የምትሰጪኝ ለምን ነበር?»

«ቅርብ እንድትሆንላት ብዬ ነው፣ ኢያኤል። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብታገኝ ይሻላት ነበር።

«ቅርብ ነበርኩ» አለ።

የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ወጣ። እንደሚወዳት ታውቃለች፤ እንደምትወደውም ያውቃል፤ አንዳቸውንም ግን አልጠቀመም።

በኋላ ፍርድ ቤቱ ለፌዴራሎቹ ፈቀደና ሽቦው ተቆረጠ። ብዙም ሳይቆይ ስቴቱ አዲስ አዘዘ። የቢሮው ባለቤት ጋሽ ይልማ ማን ይውሰደው ብለው ጠየቋት።

ሰገነት ቀለበቷን በጣቷ ላይ እያዞረች የሌላ ሾፌር ስም ነገረቻቸው።