ያለቀ ጨርቅ አይቀጠቀጥም

«መነጽሩን ያውልቁልኝ፣ እማማ። ቲሸርቱንም ቢቀይሩት።»

የዛፍ ልጥ እየቀጠቀጡ ጨርቅ የሚሠሩት ካሎላይኔ መቀጥቀጫቸውን ከልጡ በታች ካለው ግንድ ላይ አስቀመጡና ሰውየውን ከባርኔጣው እስከ ጫማው አዩት። «ቲሸርቴን? እናትህንም እንዲህ ነው የምታዛት?»

አብረዋቸው የሚሠሩት ሴቶች ሳቁ። ሴይኒ አንገቷን ደፋች።

ሴሚሲ የሚባለው ይህ ሰው ከዋና ከተማው ነው የመጣው። ለደሴቶቹ የጥበብ ፌስቲቫል የባለሙያዎች፣ የተረት ነጋሪዎችና የባሕር ዳርቻ ፎቶ ይመርጣል። መንደሩ ውስጥ ፎቶ የምታነሳለት የአሥራ አምስት ዓመቷ ሴይኒ ናት፤ ካሜራው የትምህርት ቤቷ ነው። ፎቶዋ ከተመረጠ ፌስቲቫሉ ወደሚካሄድባት ጎረቤት አገር፣ ወደ ፊጂ ትሄዳለች። ከአገሯ ከቶንጋ ወጥታ አታውቅም፤ አክስቷ ካሎላይኔ ደግሞ ሰውየውን እያበሸቁባት ነው።

ሴሚሲ ሁሉንም በአንድ ፎቶ ፈለገ። ሴትዮዋ ወጣት ትሁን፣ ባሕሩ ይታይ፣ ጨርቁ ላይ ጌጥ ይኑር፣ እየተቀጠቀጠም ይሁን። ቢሮ ተቀምጦ ባህል የሚያስተምር ሰው እንዲህ ነው። ሴይኒም ታውቅ ነበር፤ ልጥ የሚቀጠቀጠው ገና እርጥብ ሳለ ነው፣ ቀለምና ጌጥ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ታውቅ ነበር፣ ግን ፊጂን አስባ ያላትን አደረገች። ጓደኛዋን ሉፔን ቅጠል አልብሳ አሸዋ ላይ አስቀመጠቻት። ከአክስቷ ሳጥን ያለቀ ጨርቅ ሳታስፈቅድ አውጥታ ዘረጋችላት። በዕድሜዋ አንድ ቀን ልጥ ቀጥቅጣ የማታውቀው ሉፔ መቀጥቀጫውን እንደ ቴኒስ ራኬት ያዘችና ፈገግ አለች።

«የአያቶቻችን ጥበብ» አለ ሴሚሲ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ጉድ ነው።

ቅዳሜ መልእክት ላከ። «ተመርጠሻል። ከሥሩ ‹ሉፔ፣ የልጥ ጨርቅ ሠሪ› ብለን ልንጽፍ ነው፤ አረጋግጪልኝ።»

ሉፔ ወሬውን ለክፍል ጓደኞቻቸው በሙሉ በስልክ አዳርሳ ጨርሳለች።

ካሎላይኔ ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን አዩ። «ይቺ ልጅ ምን እያደረገች ነው?»

«እየቀጠቀጠች።»

«ያለቀውን? የተጋገረ ዳቦ ይቦካል እንዴ?» ሳቃቸው ከቁጣ ይብስ ነበር። «ለቅሶ ቤት ይዤው የምቀርበውን ጨርቅ አሸዋ ላይ አነጠፍሽው። እሺ፣ እሱስ ይሁን። የፊጂ ሴቶችም እኮ ልጥ ይቀጠቅጣሉ፣ ልጄ። ይሄን አይተው ምን ይሉናል?» ስልኩን መለሱላትና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሴይኒ ጻፈች። «ጋሼ፣ ቀለም የተቀባ ጨርቅ አይቀጠቀጥም። ሉፔም ሠሪ አይደለችም። ሌላ ፎቶ ልላክ?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «የኔ ልጅ፣ ጉዞሽን አታበላሺ። ማን ያውቃል?»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። አክስቷን መነጽር አውልቁ ያለ ሰው፣ ስለ አያቶች እያወራ የሚያለቅስ ሰው፣ «ማን ያውቃል?» ይላል። ናቀችው። ሳጥኑን የከፈተው ማን እንደሆነ ትዝ ሲላት ደግሞ ራሷን ናቀች።

«ፎቶው ውሸት ነው፤ ከምርጫው አውጡልኝ» ብላ ላከች። የፊጂ ጉዞዋም አብሮ ቀረ።

ሉፔ ነገሩን ከሌላ ሰው ብትሰማው እስከ ወዲያኛው አታናግራትም። ከእሷ ብትሰማውም ላታናግራት ትችላለች። ሴይኒ ጫማዋን አጠለቀችና ወደ እነሉፔ ቤት ወጣች።