ጋዝ አይሰጠው

ከቀዶ ጥገና የዳነ ሰው ሐኪሙን ያመሰግናል፤ ያስተኛችውን ግን ማንም አያስታውስም። እኔ ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ። የሳቡት ጋዝ በሳንባ አልፎ ደም ውስጥ፣ ከደም አንጎል ውስጥ ይገባል። ሲዘጋ ደግሞ በመጣበት መንገድ፣ በትንፋሽ ይወጣል። «ጥሩ እንግዳ ነው፤ ሲበቃው ራሱ ይሄዳል» እያልኩ ተማሪዎቼን አስቅ ነበር። ያኔ ቀልድ ነበረኝ።

እሱን ያገኘሁት ማሽኔ ጋዝ ሲያፈስ ነው። የሆስፒታሉ ጥገና ክፍል አዲስ ባለሙያ ላከልኝ። ኪሱ ብሎን ስለማያጣ ሁሉም «ብሎን» ይለዋል። ቱቦውን አሽትቶ ዞር አለና አየኝ።

«ይሄን እየሳብሽ ስንት ቀን ሠራሽ?»

«ሳምንት ይሆነኛል።»

«እኔ ደግሞ በተፈጥሮዋ ዝምተኛ ናት ሲሉኝ አምኜ ነበር።»

ሳቅኩ። ሲጨርስ እጄን ይዞ የጋዙ ቁልፍ ላይ አስቀመጠው። «ዜሮ ላይ ነው ብለሽ ዓይንሽን አትመኚ። በእጅሽ ሁለቴ አረጋግጪ።» እጁ ለመነሳት አልቸኮለም። እኔም አልቸኮልኩም።

በዓመቱ እናቱ ቤት ወሰደኝ። እማማ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በዚያው ቀን ለሠርጌ ቀሚስ ለኩኝ። ሜትሩን ትከሻዬ ላይ እንደዘረጉ «አንዷን ወስዶ አንቺን ሰጠኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ትንሽ እህት እንደነበረችውና በልብ ሕመም እንደሞተች ብሎን ነግሮኛል። ፎቶዋን እማማ ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። እኔም ቁስል አልነካም ብዬ አልጠየቅኩም።

ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ከባድ ማሽን ብቻውን ሲያነሳ ቡአ ወረደው። በቀዶ ጥገናው ዋዜማ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ቅጼን ይዤ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። እማማም ጥግ ላይ ሆነው ይሰፋሉ።

«ከቤተሰብ በማደንዘዣ የሞተ ሰው አለ?»

«የለም። የለም በይ።»

«እህትህስ?»

«እሷማ ልቧ ነው አሉ። ቶንሲሏን ልታስወጣ ገብታ።»

እማማ መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ካልሲዬን አላወልቅም ብላ ነበር። አንዱን እግር፣ አረንጓዴውን። እንዳደረገችው አስገቧት።»

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ በሌላ ከተማ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ የጋዙን ማስክ ፊቷ ላይ የያዝኩት እኔ ነኝ። «ይጣፍጣል፣ ሳቢው» አልኳት። ሳበችው። መንጋጋዋ ግጥም አለ፣ ሰውነቷ ደረቀ፣ ከዚያ ሙቀቷ ጓንቴን አልፎ ፈጀኝ። በዘር የሚወረስ ነገር ነው፤ ለሌላው እንቅልፍ የሆነው ጋዝ ለነሱ እሳት ነው። ማርከሻው መድኃኒት አልነበረንም። አስተማሪዬ መዝገቡ ላይ «ልብ» ብሎ ጻፈ። ቤተሰቡ ይወቅ ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ልመረቅ ሦስት ወር ነበር የቀረኝ።

አሁንም ዝም ማለት እችል ነበር። ነገ በጋዝ ፈንታ በደም ሥር መድኃኒት ባስተኛው ለምን የሚለኝ የለም። ግን ሌላ ቀን፣ ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ ባለሙያ እጅ ላይ ቢወድቅስ? እማማስ? ልጆቻችንስ? መዝገቡ «ልብ» ይላል። እውነቱን የሚያውቅ እዚያ የነበረ ብቻ ነው።

ተናገርኩ። ማስኩን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ ጭምር።

ብሎን ጣሪያውን ያያል። እማማ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ።

«ካልሲዋን ማን አወለቀላት?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እግሯን በርዷት ነበር?»

«አልበረዳትም። ትኩስ ነበር።»

«እኔ እኮ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ልጄን በርዷት…» አልጨረሱትም። ከዚያ ወዲያ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም።

እማማ ሲወጡ ብሎን ወደኔ ዞረ። «ተማሪ ነበርሽ፤ በሞቷ አልፈርድብሽም። ግን ስምንት ዓመት ሙሉ እኔንም እናቴንም ያገኘ ሐኪም ሁሉ ሊገድለን ይችል ነበር። ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«እወድሻለሁ፤ እሱን አትጠራጠሪ። ያን ቀሚስ ለብሰሽ ግን ላይሽ አልችልም።»

ባልደረባዬ ያለ ጋዝ አስተኛው። በር ላይ ቆሜ ትንፋሹን ስቆጥር ዋልኩ። በሰላም ነቃ። ሊወጣ ሲል አንድ ካርድ ጽፌ ሰጠሁት፦ «ይህ ሰው የማደንዘዣ ጋዝ አይሰጠው። ሊገድለው ይችላል። እህቱ በዚሁ ሞታለች።» ከሥሩ ስሜን ፈረምኩ። ሳያየኝ ተቀብሎ ከብሎኖቹ ጋር ኪሱ ከተተው። በወሩ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ጋዝ በትንፋሽ ይወጣል፤ እሱ ግን ይኸው ሰባት ዓመት አልወጣልኝም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን ለቶንሲል ይዛ መጣች። ስለ ቤተሰብ ስጠይቃት ከቦርሳዋ ካርድ አወጣች። «ይህች ልጅ የማደንዘዣ ጋዝ አይሰጣት። ሊገድላት ይችላል። አክስቷ በዚሁ ሞታለች።» ቃሉ የኔ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ የሱ። ከሥሩ ስም የለም።

«አባቷ ነው የጻፈው» አለች። «ከአንዲት ባለሙያ ሰማሁ ይላል። ስሟን ግን አያነሳም።»

«ጥሩ አድርጓል» አልኳት።

የጋዙን ቁልፍ ዜሮ ላይ በእጄ ሁለቴ አረጋገጥኩ። ከዚያ ጋዙን የያዘውን ዕቃ ከማሽኑ ነቅዬ ከክፍሉ አስወጣሁት፤ ቱቦዎቹንም ቀየርኩ። ልጅቷን በደም ሥር አስተኛኋት።

ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ «እግሬን በረደኝ» የሚል ነበር። ተንበርክኬ ካልሲዎቿን አጠለቅኩላት።