የሰዓት ሠሪው ሣጥን

ቀስቱ ወደ ፊት ይላል፤ ወደ ፊት ደግሞ ገደል ነው።

ልብስ ሰፊዋ በደረቷ ተኝታ አንገቷን አሰገገችና ቁልቁል አየች። ጉም ሸለቆውን ሞልቶታል፤ ከጉሙ ሥር ወንዝ ያጓራል። በመዳፏ የያዘቻት ትንሽ አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያ ግን ገደልም ጉምም አታውቅም። ጥቁር ቀስቷን ባዶ አየር ላይ ቀስራ፣ ሂጂ፣ ሂጂ ትላለች።

«አንቺ ክንፍ ይኖርሽ ይሆናል» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። «እኔ ያለኝ ጉልበት ነው፤ እሱም ከስፌት መኪና ሌላ አያውቅም።»

ንግግሯን ሳትጨርስ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ እንደተደፋ በርሜል ወረደባት፤ የተኛችበት አፈር ከሥሯ ይሟሟ ጀመር። ተስፈንጥራ ተነሣችና አፋፉን ይዛ ሮጠች። አንድ ጠባብ ስንጥቅ ስታገኝ ተጎንብሳ ገባችበት፤ የዛፍ ሥር እየጨበጠች፣ በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ወረደች። ግማሽ ላይ ስትደርስ የጨበጠችው ሥር ተነቀለ። ተንከባለለች፤ ቁጥቋጦ እስኪይዛት ድረስ ሰማይና ምድር ቦታ ተለዋወጡባት። መሣሪያዋ ከእጇ አምልጣ ጭቃ ውስጥ ገባች። ልብስ ሰፊዋ በጥፍሯ ቆፍራ አወጣቻትና በሱሪዋ ጠረገቻት። መስታወቷ ተጭሯል፤ ቀስቷ ግን አለች።

«ጋሼ ብሎን፣ ዕድሜ ይስጥህ!» ብላ ለጫካው ጮኸች።

ብሎን ከስፌት ቤቷ ጎን ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ሽማግሌ ነው። ፈትቶ የማይገጥመው ነገር የለም፤ በገጠመ ቁጥር ግን አንድ ብሎን ይተርፈዋል፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ስልኳን ይዛ ሱቁ የገባች ዕለት አሥቃዋለች።

«ይሄ አይበቃኝም፣ ጋሼ?»

«ስልክሽ ከተማ ውስጥ ንጉሥ ነው። ዱር ሲገባ ካርታው አይመጣለትም፤ ጣትሽ ከረጠበ አይሰማሽም፤ ባትሪውም መንገድ ላይ ያልቃል። ከዚያ የት ልትሰኪው ነው? ዛፍ ላይ?»

በሱቁ መስታወት ውስጥ የሚያብረቀርቀውን መሣሪያ፣ ባለ ቀለም ካርታና ባለ ካሜራውን በጣቷ አሳየችው።

«እሱ ለጉረኛ ነው» አለና ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ጎማ ለበስ፣ ቀለሟ የለቀቀ ጂፒኤስ አወጣ። ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ጣላት። ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሱ ተረጋግቶ አወጣትና ቁልፏን ተጫነ፤ በራች። «ለጀማሪ ቀስትና ርቀት ይበቃዋል፣ የኔ ልጅ። ይቺ ውኃ አትፈራም። ቁልፏ የሚጫን ስለሆነ በእርጥብ ጣት ትታዘዛለች። የምትበላው ተራ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ትርፍ ይዘሽ ውጪ። የቦታውን ቁጥር በእጅሽ ታስገቢያለሽ። የቁጥሩንም አጻጻፍ እዚህ ገብተሽ ትቀይሪዋለሽ…»

ይህችን የመጨረሻዋን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው፤ ዋጋው እያሳሰባት ነበር። ሲነግራት ግን አንድ ሙሉ ልብስ ከምትሰፋበት አይበልጥም። ትንፋሿ ወረደ።

«ደግሞ» አለ ብሎን ሲሸኛት፣ «ከመነሣትሽ በፊት የቆምሽበትን ቦታ ‹ቤት› ብለሽ መዝግቢ። መሄድማ ማንም ይሄዳል፤ መመለሱ ነው ቁም ነገሩ።»

የመዘገበችው የራሷን ደጅ አይደለም። ሄዳ የአባቷ ሱቅ በር ላይ ቆመች፤ ከተቆለፈ ወዲህ ያልደፈረችው በር። እዚያ ቆማ «ቤት» ብላ መዘገበች።

አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ አጎንብሶ ኖረና በስተርጅና ቀና ብሎ ዓለምን ማየት አማረው። የሣጥን ፈላጊዎች ማኅበር ገባ። ጨዋታቸው ቀላል ነው፤ አንዱ ዱር ሄዶ ሣጥን ይደብቃል፣ የቦታውን ቁጥር ለማኅበሩ ይናገራል፣ ሌላው በመሣሪያ ፈልጎ ያገኛል። መጀመሪያ ያገኘ በውስጡ ያለውን ይወስዳል፤ የወሰደ ግን ይተካል። ጎረቤት ሽማግሌው አበደ ሲል እሱ ጫማውን ጭቃ አልብሶ እያፏጨ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን ከመንገድ ደወለላት። «እሜቴ» አለ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ነበር የሚጠራት። «ቃሌን ሣጥን ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ። ቁጥሩን ያዢ፤ ለማኅበሩም ሰጥቻለሁ። ግን እንዳይቀድሙሽ፤ ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።» ከዚያም እያንዳንዱን ቁጥር በነጥብ እየለየ አነበበላት።

ቅዳሜ አልደረሰም። የስንቱን ሰዓት ያስነሣ ሰው የራሱ ልብ ቆመበት።

ከዚያ ወዲህ የምትናፍቀው ድምፁን ነው። ፊቱ በፎቶ አለ፤ ሽታውም ኮቱ ላይ አለ። ድምፁ ግን የትም የለም። ማለዳ ጨርቅ ስትቆርጥ «እሜቴ» የሚል ይመስላትና መቀሱን አቁማ ታዳምጣለች። ስለዚህ «ቃሌን» ማለቱ ድምፁን በሆነ ነገር ቀድቶ ቢሆን ነው ብላ አመነች። ማኅበርተኞቹ እየሄዱ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ፣ ከዚያም ሣጥኑ በዚህ ወር ካልተገኘ ጠፍቷል ተብሎ ከጨዋታው እንደሚሰረዝ ስትሰማ፣ ሱቋን ዘጋችና ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች።

ዝናቡ ሲያባራ ጫካው ጀመረ። ቅርንጫፍ እየገፋች፣ እሾህ ልብሷን እየቀደደባት ሄደች። «የስንቱን ሰው ቀዳዳ ስጠቅም ኖሬ!» ብላ የተቀደደ እጅጌዋን አየች። ወዲያው ከፊቷ ቁጥቋጦው ተናጠ።

የዱር አሳማ ነበረች፣ ግልገሎቿን አስከትላ። ልብስ ሰፊዋ ደርቃ ቀረች። አሳማዋ አፍንጫዋን አነሣች፣ አሸተተች፣ ከዚያም አንገቷን ደፍታ ተወረወረች። ልብስ ሰፊዋ ዛፍ ላይ እንዴት እንደወጣች እስከ ዛሬ አታውቅም። አሳማዋ ከሥር እየዞረች ግንዱን በጥርሷ ላጠችው። መሄጃ የላትም፤ ቀኑም እየሄደባት ነው። በመጨረሻ ምሳዋን ከቦርሳዋ አወጣችና ዳቦውን በተቻላት መጠን አርቃ ወረወረችው። ግልገሎቹ እየተንጫጩ ተከተሉት፤ እናት ደግሞ እናት ናትና ልጆቿን ተከተለች። ልብስ ሰፊዋ በሌላው በኩል ዘላ ወርዳ ሮጠች።

የርቀቱ ቁጥር ዜሮ የሆነው ወንዙ አጠገብ፣ አንድ ትልቅ ዓለት ሥር ነው። እዚያም ሰው ነበር። ከእግር እስከ ራሱ አዲስ የለበሰ ረጅም ሰው፣ በብረት ዘንግ የዓለቱን ስንጥቅ ይጎረጉራል። አንገቱ ላይ ያ በብሎን ሱቅ መስታወት ውስጥ ያየችው ዓይነት መሣሪያ ተንጠልጥሏል።

«ዘገየሽ፣ እህቴ» አለ ሳይዞር። «ማኅበሩ ውስጥ አንደኛ ይሉኛል። የተደበቀ ሣጥን ቀድሞኝ ያገኘ የለም።»

«አገኘኸው?»

«የለም። ውኃ ወስዶታል። ማታ ለማኅበሩ እነግርና ይሰረዛል።»

«ሣጥኑ የአባቴ ነው።»

ሰውየው ዞረ፤ ባርኔጣውንም አወለቀ። «የሰዓት ሠሪው ልጅ ነሽ? ነፍስ ይማር። ደግ ሰው ነበሩ። ግን የሌለ የለም ነው የሚባለው። ይኸው፣ ዲግሪው ልክ ነው፤ ደቂቃው ደግሞ ዐሥራ አራት ነጥብ ሃምሳ። ዐሥራ አራት ተኩል ላይ ቆመናል።»

ልብስ ሰፊዋ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እዚህ ድረስ መጥታ፣ ዓለትና የሰው ዘንግ ብቻ! «አባባ» አለች በለሆሳስ፣ «የት አደረግኸው?» አለቀሰች፤ ሰውየው ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰላት።

ዐሥራ አራት ተኩል። ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ አለ። ተኩል።

ሕፃን ሳለች ከጨዋታ ዘግይታ ገብታ ነበር። «ሃምሳ ደቂቃ ብቻ ነው የዘገየሁት አባባ፤ የሰዓት ግማሽ!» ብትለው ማጉያውን ከዓይኑ አውልቆ አያት። «መቶ የነጋዴ ነው፣ እሜቴ። በእኔ ቤት ስልሳ ነው የሚሞላው። ሃምሳ ግማሽ አይደለም፤ ሊሞላ ዐሥር የቀረው ነው።» ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሃምሳን ግማሽ ያለ ሰው የለም።

ተነሥታ ቆመች። «ሰከንድ ነው!»

«ምን?»

«የቦታም ቁጥር እንደ ሰዓት ደቂቃና ሰከንድ አለው። ሃምሳው ሰከንድ ነው እንጂ የደቂቃ ግማሽ አይደለም። አባቴ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ደቂቃን በመቶ የሚቆርጠው በምን እጁ ነው?»

በግማሽ ጆሮ የሰማችው የብሎን ምክር ትዝ አላት። ቁልፉን እየተጫነች አጻጻፉ ያለበት ገባች፤ ዲግሪ፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ የሚለውን መረጠችና ቁጥሩን እንደ አዲስ አስገባች። ቀስቷ ተንቀጠቀጠች፣ ዞረች፣ ወንዙን ተሻግሮ ወዳለው ጫካ አመለከተች።

አንደኛም የራሱን ሊቀይር መስታወቱን በጣቱ ጠረገ፤ መስታወቱ ረጥቦ ስለነበር አልሰማውም። ደግሞ ጠረገ። ከዚያ ቀስቷ ያመለከተችበትን አየ፤ ወንዙ ላይ የወደቀውን ግንድም አየ። የሰው አመል ቶሎ አይለቅም። ረጃጅም እግሮቹን አንሥቶ ሮጠ።

«ኧረ ወንድሜ!» ብላ ተከተለችው።

ግንዱ ላይ ቀድሟት ወጣ። መሐል ሲደርስ አዳለጠው። ውኃው ዋጠውና ተፋው፤ በአንድ እጁ የግንዱን ጉጥ ይዞ ተንጠለጠለ። መሣሪያው ከአንገቱ ተበጥሶ ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ ግንዱ ላይ ቆማ ነበር። በላዩ ተራምዳ ማለፍ ትችላለች። ከወዲያ ማዶ የአባቷ ድምፅ አለ፤ ይህ ሰው ከወጣ ደግሞ በእነዚያ እግሮቹ እንደገና ይቀድማታል። ይህን ሁሉ አሰበች፤ አሰበችና በገዛ ሐሳቧ አፈረች። በደረቷ ግንዱ ላይ ተኝታ የቦርሳዋን ማንገቻ ፈታችና ወረወረችለት። ራሷ የሰፋችው ነው፣ ሦስት ጊዜ ደርባ።

«ይበጠሳል!» ብሎ ጮኸ።

«የእኔ ስፌት አይበጠስም! ያዝ!»

ሳበች። ክርኗ ተላጠ፤ ጥርሷን ነክሳ ሳበች። ሰውየው እያሳለ ግንዱን አቀፈ። ተያይዘው በደረታቸው እየተሳቡ ተሻገሩ።

የርቀቱ ቁጥር ዜሮ የሆነው አንድ ያረጀ ዛፍ ሥር ነው። ፍልፍሉ አፍ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል። አንደኛ እጁን መስደድ ይችል ነበር፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ክፈቺው» አለ። «እኔ ሁለተኛ ነኝ።» ቃሉን ከዚህ በፊት ተናግሮት ስለማያውቅ አፉ ላይ ትንሽ ተደናቀፈበት።

ድንጋዩን አንሥታ የቆርቆሮ ሣጥኑን አወጣች። ከፈተችው። መቅረጫ የለም። ምንም የሚናገር ነገር የለም። ከስፌት ቤቷ የወሰደው አንድ ቁራጭ ጨርቅ ብቻ አለ፣ የተጠቀለለ። ፈታችው።

ቀይ ማሰሪያ ያላት የሕፃን የእጅ ሰዓት ነበረች።

አወቀቻት። በልጅነቷ የቆመችባት ሰዓት ናት። «ነገ እሠራልሻለሁ፣ ቃሌ ነው» ብሎ መሳቢያው ውስጥ አስገባት። ነገው የደንበኛ፣ ከነገ ወዲያውም የደንበኛ ሆነና ዓመታት ሄዱ፤ ሰፈርተኛውም የሰዓት ሠሪ ልጅ ሰዓት ተውሳ ትሄዳለች እያለ ሣቀባት። እሷ ረስታው ነበር። እሱ ግን አልረሳውም ኖሯል።

በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ጠመዘዘቻትና ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ።

ልብስ ሰፊዋ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና እንደ ልጅ አለቀሰች። በአባቷ ሱቅ ከሰዓቶቹ ሁሉ ሥር ቁጭ ብላ ያደገችበት ድምፅ ነው፤ ተኝታ የምትሰማው፣ ከጎኗ እንዳለ የምታውቅበት። ናፍቆቷ አልጠፋም፤ ማረፊያ አገኘ እንጂ።

የወሰደ ይተካል። ሜትሯን ከአንገቷ አወጣችና ጠቅልላ ሣጥኑ ውስጥ አኖረች። ድንጋዩን መለሰች። ማሰሪያዋ ለእጇ ስለማይበቃ ሰዓቷን መዳፏ ውስጥ ያዘቻት።

መሣሪያዋን አንሥታ «ቤት» የሚለውን ተጫነች። ቀስቷ ዞረች።

«ቤትሽ ሩቅ ነው?» አለ አሁን ሁለተኛ የሆነው ሰው።

«የአባቴ ሱቅ ነው። ዛሬ እከፍተዋለሁ» አለች፤ ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ዳሰሰችው። «ሰዓቷን ላስተካክላት። ስንት ሰዓት ነው?»

ሰውየው እርጥብ እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን አየ።

«ለዐሥራ አንድ ዐሥር ጉዳይ።»

ልብስ ሰፊዋ በእንባዋ መሐል ሣቀች። ረጅሟን የደቂቃ ቀስት ቀስ አድርጋ ሃምሳ ላይ አቆመቻት።