የግራናዳው የሽምብራ ወጥ

መጀመሪያ የተሰማው የመቋሚያ ጫፍ ድንጋይ ሲመታ ነው፤ ሰውየው ገና አልታየም። ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፬ ዓ.ም.፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቀሐ ወንዝ ማዶ ያለችውን ደብር ጉም ውጧት ነበርና፣ ካህናቱ ቀኝ ጌታ ልዑልቃልን ያዩት ደጀ ሰላሙ በር ላይ ሲደርስ ነው። የደብሩ መሪጌታ በፋሲካ ሰሞን ስላረፉ ወንበራቸው ለእርሱ እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ነጠላውን አሳምሮ የመጣውም ለሹመቱ ነው። ግን ተቀመጥ ያለው አልነበረም።

«ቀኝ ጌታ፣» አሉ የደብሩ አለቃ ገብረ ኢየሱስ፣ «በባሕር ማዶ፣ በሰኔ ጾም፣ ሥጋ በላ፤ ያውም የእስላም ዕርድ፤ የሚል ወሬ ደርሶናል። እውነት ነው?»

ልዑልቃል መቋሚያውን ተደግፎ ካህናቱን አንድ በአንድ ተመለከተ። ይህን ነገር ከእርሱና ከግራ ጌታ ማሩ በቀር የሚያውቅ ሰው በጎንደር ምድር አልነበረም። ማሩም እዚያው፣ ከካህናቱ መካከል ተቀምጧል።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ መንገዱ ተከፍቶ ሰው ወጥቶ መግባት በጀመረበት ወራት፣ ሁለቱ ወዳጆች ዜማ እንዲያሰሙ ወደ ስፔን ደቡብ፣ ወደ አንዳሉሲያ ተጠርተው ነበር፤ በተማሪነታቸው ከአንድ አኩፋዳ ቁራሽ ተካፍለው ያደጉ ናቸውና ሲሄዱ እንደ ወንድማማች ነበሩ። ከሴቪል እስከ ግራናዳ በማኪና ተጓዙ፤ ፀሐዩ እንደ ቋራ በረሃ ይጋረፋል፤ ኮረብታው ሁሉ በመስመር የተተከለ ወይራ ነው። በኮርዶባ፣ ሙሮች የሚባሉት የጥንት እስላሞች የሠሩት መስጊድ ሆዱ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ይዞ ቆሞ አዩ።

«ተመልከትማ ማሩ፣ ቅስቱ ሁሉ ቀይና ነጭ!»

«ምነው ታዲያ የኛዎቹ ነገሥታት ግንቡን ሲሠሩ ቀለም አለቀባቸው?» አለ ማሩ፤ እስኪያነቡ ሳቁ።

በግራናዳ ግን ከማሮኮ የመጣ እስላም በሚያበስልበት ቤት ለምሳ ተቀመጡ። ማር የፈሰሰበት ደበርጃን ቀረበ፤ ቀጥሎ ከሙን ከሙን የሚል የሽምብራ ወጥ። እንግሊዝኛ የሚያውቀው ማሩ ነበርና ልዑልቃል «ጾም ነው ወይ? ጠይቅልኝ» አለው። ማሩ አሳላፊውን አነጋገረና «ሸጋ ነው፤ ሽምብራና ጎመን ነው፤ ብላ» አለ፤ እርሱ ግን ሆዴ ተነፍቷል ብሎ ከዳቦና ከደበርጃኑ አላለፈም። ልዑልቃል ሳህኑ ሥር የበግ አጥንት ሲያገኝ ፊቱ አመድ መሰለ። «አታለሉኝ እኮ!» አለ ማሩ እጁን ይዞ፤ «በቃ፣ እኔና አንተ እናውቃለን፤ በመድኃኔ ዓለም፣ ከአፌ አይወጣም።»

አሁን ልዑልቃል ቀና አለ። «በልቻለሁ፣ አባቴ። ግን ጾም ነው ያለኝ ግራ ጌታ ማሩ ነው። እርሱ ይመስክር።»

«ምነው አለቃ!» አሉ የምእመኑ ሽማግሌ አያ ቢሻው፤ «ሽምብራ ሲጠብቅ በግ የመጣበት ሰው ይታዘንለታል እንጂ ይከሰሳል?» ካህናቱ ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

አለቃ አልሳቁም። «ሳያውቅ ከሆነ ቀኖናውን ፈጽሞ በወንበሩ ይቀመጣል፤ አውቆ ከሆነ ግን ከማኅሌቱም ይወጣል። ማሩ፣ ነገሩ ባንተ አንድ ቃል ነው። ጾም ነው ብለኸዋል ወይስ አላልከውም?»

በዚያች ደብር ዛሬም ስማቸው የሚነሣው መሪጌታ ማሩ ናቸው፤ አንዳሉሲያ ድረስ ዜማ ያደረሱ፣ ብዙ ደቀ መዝሙር ያፈሩ ይባላል፤ ውሸትም አይደለም። ልዑልቃል አይከል ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወርዶ ፊደል ሲያስቆጥር መኖሩን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የግራናዳውን ወጥ የሚያነሣ ግን ፈጽሞ የለም። ሽማግሎቹም የዚያችን እሑድ ነገር፣ ማሩ አውቆ የበላ ወዳጁን ላለማጋለጥ ያደረገው ነው ብለው በደግነት ቆጠሩለት፤ ትውልዱም የተቀበለው ይህንኑ ነው።

በዚያች እሑድ፣ አለቃ እንደ ጠየቁት፣ ማሩ ወዳጁን አየት አደረገ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተነሣና ነጠላውን አፉ ላይ መልሶ፣ በልዑልቃል አጠገብ አልፎ፣ በሩን ከፍቶ ሄደ።